አፍና ጆሮ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ። የእርማት ክፍሉ በር ተቆልፏል።

እህትየው መጀመሪያ በጣቷ አንኳኳች። ቀጥላ በመዳፏ መታችው። በአንድ እጇ የታጠፈ ንጹሕ ሸሚዝ፣ በብብቷ ማር የተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ይዛለች። ታላቅ ወንድሟ ሥራ ሲደራረብበት እዚያው ማተሚያ ቤት ማደር ልማዱ ነው። ባደረ ቁጥር ሸሚዙንና የጉሮሮ ውሃውን ጠዋት ይዛለት ትመጣለች። የእሷም ሥራ እዚያው ምድር ቤት፣ ጥረዛ ክፍል ውስጥ ነው።

«ኧረ ክፈት ወንድም ጋሼ! እንቅልፍ ነው ወይስ ኩራት?»

የበሩን እጀታ ነቀነቀችው።

ሥራ አስኪያጇ መለዋወጫ ቁልፍ ይዛ ወጣች። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበላቸው ሽታ ነው። ፊደል የሚታጠብበት አልኮል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ከሥሩ ደግሞ ለዚያ ክፍል እንግዳ የሆነ ጣፋጭ ሽታ ነበር። ብርቱካን።

ሰውየው ከብረት መጭመቂያው እግር አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። ቁርጥራጭ ወረቀት የሞላው ጆንያ ከወገቡ በላይ ተጭኖታል። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። አንዱ ጫማ ወልቋል።

እህትየው ጆንያውን በሁለት እጇ ጎትታ ጣለችው። ከዚያ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ወንድሟን ራሱን ወደ ጭኗ ስታስጠጋው ፀጉሩ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ አፍንጫዋን ይዛ «ጠጥቷል» አለች። «ጠጥቶ ነው የወደቀው።»

«ወንድሜ አይጠጣም።»

«እህቴ፣ ሽታውን እኮ ሁላችንም...»

«ድምፁ እንጀራው ነው። ጉሮሮውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። አይጠጣም አልኩሽ!»

የሥራ አስኪያጇ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰኞ የታረሙት ገጾች ትናንት ማታ ደርሰዋት ስለነበር፣ የተረፈ እንዳለ እያየች ነው።

*

በማተሚያ ቤቱ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። አፍ ነበር የሚሉት። ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠውን ባልደረባውን ደግሞ ጆሮ ይሉታል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አፍ የደራሲውን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል። ነጥቡን፣ ሰረዙን፣ ቅንፉን ሳይቀር በስሙ እየጠራ። አዲስ አንቀጽ ሲጀምር ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ አንዴ ይመታል። ጆሮ ደግሞ ከፊደል ለቃሚዎቹ የመጣውን ፕሩፍ፣ ማለትም ለእርማት የታተመውን ገጽ፣ ዘርግቶ፣ በእርሳስ እየተከተለ ያዳምጣል። የተሳሳተ ፊደል፣ የተዘለለ መስመር ካለ ያኔ ይያዛል። ከገጹ ግርጌ ሁለቱም ጭረታቸውን ያደርጋሉ። ያ ገጽ «ተነቧል» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ማታ ማታ የተነበቡት ገጾች ለሥራ አስኪያጇ ይሰጣሉ።

«ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ ቀኑን ሙሉ አይደማመጡም» ይል ነበር ዘበኛው። «የሚያወራው ግን አንዱ ብቻ ነው። ልክ እንደኔ ቤት።»

በዚያ ሰሞን የያዙት ሥራ ለተማሪዎች የሚሆን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር።

*

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከሟቹ በፊት ክፍሉን አየች። ሁለት ወንበሮች፣ ፊት ለፊት። ረጅም ጠረጴዛ። ሙጫ የደረቀበት ቆርቆሮ። ወለሉ ላይ ባዶ የአልኮል ጠርሙስ። በጆንያው ውስጥ፣ በቁርጥራጩ ወረቀት መሀል፣ የብርቱካን ልጣጭ። ሳይቆረጥ በአንድ ረጅም ጥብጣብ የተላጠ፣ ከዚያም ተመልሶ ተጠቅልሎ ብርቱካን እንዲመስል የተደረገ ልጣጭ ነው። ውስጡ ባዶ ነው። ዝንብ ገብቶበታል።

በመሐረብ አንሥታ አስቀመጠችው። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

ሐኪሙ ከወለሉ ላይ ሳይነሣ ተናገረ። «አፉ አልኮል አይሸትም። ሸሚዙ ላይ ግን አንድ ጠርሙስ ሙሉ ተደፍቶበታል። ሰው ሲጠጣ እንዲህ ጀርባው ላይ አይፈስም።»

«ከወደቀ በኋላ ነው የፈሰሰበት ማለት ነው።»

«ከወደቀ በኋላ። ሌላም አለ። ወዲያው አልሞተም። ራሱን ከመታው በኋላ ለብዙ ሰዓት ተንፍሷል።»

«ሰው ቢደርስለትስ?»

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «በጊዜ ቢደርስለት፣ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።»

እህትየው በሩ ላይ ቆማ ይህን ሰማች። ፔርሙዙን አሁንም በብብቷ እንደያዘች ነው።

«ኢንስፔክተር» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ሰክሮ ሞተ ተብሎ እንዳይጻፍ። ያን ስም ይዤ መቃብር መሄድ አልችልም።»

«እስካሁን ምንም አልተጻፈም።»

«ሥራ አስኪያጇ ጽፋለች። በአፏ ጽፋዋለች። ታች ሁሉም እየተቀባበለው ነው።»

*

ጆሮ የተጠየቀው በሥራ አስኪያጇ ቢሮ ነው። ሸምገል ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሮቹ ከማንም በላይ ንጹሕ የሆኑ ሰው ነው። መሐረቡን ደጋግሞ ወደ ዓይኑ ይወስዳል፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነበር።

«ትናንት እስከ ስንት ሰዓት ሠራችሁ?»

«እስከ መውጫ ልጄ። እስከ አሥራ ሁለት። እሱ አነበበ፣ እኔ ሰማሁ። እንደ ወትሮው።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ትንሽ ከፍቶት ነበር። ከመምህሩ ጋር ተጣልተው ዋሉ አይደል። መምህሩ የመዝገበ ቃላቱ ደራሲ ናቸው። አሥር ሰዓት ላይ መጥተው፣ ለያዥ ለገናዥ አስቸገሩ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ሥራችንን ቀጠልን።»

«ሲወጡ እሱ ምን እያደረገ ነበር?»

«ትንሽ ልቆይ አለኝ። ደህና እደር ብዬው ወጣሁ። ምነው በቀረሁ...» መሐረቡ ወጣ። «አንዳንዴ ከመሳቢያው አንድ ነገር አውጥቶ ይጎነጭ ነበር። የሞተ ሰው አይወቀስም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለእህቱ እንዳትነግሪያት፣ አደራ።»

ኢንስፔክተሯ አየችው። «በሩን ማን ቆለፈው?»

«ራሱ ይሆናል። ቁልፍ አለው።»

«እርስዎስ?»

«እኔም አለኝ እንጂ። ሁለታችንም አለን።»

*

ዘበኛው ከበሩ አጠገብ ባለች ጎጆው ተቀምጦ ጫማውን እየጠረገ ነበር።

«ጠቡን ሰምተሃል?»

«ማን ያልሰማ አለ እሜቴ! መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። እኔ የርስት ጠብ ነው ብዬ ዱላዬን ይዤ ስወጣ፣ ለካ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ነው! ለቃል ሰው ይጣላል?»

«ከዚያስ?»

«መምህሩ እየተንዘረዘሩ ወጡ። ከዚያ ሲመሽ፣ ጆሮ ከወጣ በኋላ፣ ተመልሰው መጡ። ገቡ። ብዙም አልቆዩም። ሲወጡ ደህና እደር እንኳ አላሉኝም።»

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አቆመች። «ተመልሰው መጡ?»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው።»

ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። «እዚህ ቤት ብርቱካን የሚወድ ማነው?»

ዘበኛው ሳቀ። «ጆሮ ነዋ! በቀን አንድ። ከሰዓት በኋላ እዚህ ቧንቧው ጋ ወርዶ ነው የሚበላው፤ አፍ ክፍሉ ውስጥ አያስበላውም። ወረቀት ላይ ፍርፋሪ ካየ ያብዳል። ልጣጩን ሲልጠው ብታዪ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ነው። አይበጠስበትም።»

«ትናንትም ወረደ?»

ዘበኛው ጫማውን አስቀመጠ። «አሁን ስትዪኝ... ትናንት አልወረደም። ጠቡ የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶበት ይሆናል ብዬ ነበር።»

*

መምህሩ በቤታቸው በር ላይ ቆመው ሊመልሷት ፈለጉ። ኢንስፔክተሯ እግሯን በበሩ ክፈፍ ላይ አደረገች። አስገቧት።

ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ነው። ወንበሩ ላይ ግን አቧራ አለ።

«ስለ ምን ተጣላችሁ?»

«መጣላት አይባልም። ሰውየው ከወሰኑ አለፈ። ደሞዝ የሚከፈለው ሊያነብ ነው እንጂ ሊያርመኝ አይደለም።»

«ስለ ምን፣ መምህር?»

ተነፈሱ። «ሌጅብል እና ሪደብል የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ለሁለቱም አንድ ፍቺ ሰጥቻለሁ፤ የሚነበብ። ተማሪ ነው የሚያነበው፣ ይበቃዋል። እሱ ግን ልዩነት አላቸው ብሎ ሞገተኝ።»

«አላቸው?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አላቸው። እርግጥ አላቸው።»

«ምን አለዎት እሱ?»

«ሌጅብል ፊደሉ ለዓይን የሚለይ ማለት ነው አለኝ። ሪደብል ግን የተጻፈው ነገር አንባቢውን ይዞ የሚሄድ፣ አንብብ አንብብ የሚያሰኝ ማለት ነው። ይሄ የባንክ ውል ሌጅብል ነው አለኝ፤ እያንዳንዱ ፊደል ተለይቶ ይታያል፣ ግን ጨርሶ የሚያነበው የለም። የእናቴ ደብዳቤ ደግሞ ፊደሉ ጭረት ነው፤ ከእህቴ ጋር እየተጋገዝን ነው የምንፈታው፣ ግን እስኪቀደድ ደጋግመን አንብበነዋል አለኝ። አንዱ የዓይን ጉዳይ ነው፣ ሌላው የልብ።»

«ጥሩ ተናግሯል።»

«ተናግሯል። እኔም በንዴት፣ እስቲ ከባልደረባህ ተማር አልኩት። ጆሮ የሚሉት ሰው አንድም ቀን ድምፁን ሳያሰማ፣ በየሳምንቱ ጥሩ ጥሩ ማስተካከያ ጽፎ ሲሰጠኝ ነው የከረመው። መጽሐፉን አሻሽሎልኛል። ስሙን ከእኔ ስም ሥር፣ ተባባሪ አዘጋጅ ብዬ ላወጣው ቃል ገብቼለታለሁ። ይህንኑ ነው ለአፍ የነገርኩት።»

«አፍ ምን መለሰ?»

«ምንም። ይሄ ነው የገረመኝ። ድንገት ዝም አለ። ዞሮ ጆሮን አየው። ከዚያ በኋላ እኔ የለሁም ያህል ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ገለጠች። «ማታ ለምን ተመለሱ?»

የመምህሩ ፊት ተለወጠ።

«ልነግረው። ልክ ነህ ልለው። አንኳኳሁ። አልከፈተም።»

«ከዚያስ?»

«ያንኮራፋ ነበር።»

«ምን?»

«ከውስጥ ማንኮራፋት ይሰማ ነበር። ከባድ፣ የሚቆራረጥ። የታፈነ። ተኝቷል ብዬ... እንዲያውም ደስ አለኝ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረልኝ ብዬ ተመለስኩ።»

ኢንስፔክተሯ ተነሣች። ሰውየው ሲሞት አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሰምቶታል። ሰምቶም ተገላገልኩ ብሎ ሄዷል።

«ተጠርጣሪ ነኝ?» አሉ መምህሩ።

«እዚህ እስክመጣ ድረስ ነበሩ» አለች። «አሁን ምን እንደሆኑ እኔም አላውቅም።»

*

እህትየውን ያገኘቻት ጥረዛ ክፍል ነው። ሥራ አስኪያጇ «ዛሬ ሄደሽ እረፊ» ብላት ነበር፤ የምትሄድበት አልነበራትም። የመርፌ ሳጥኑን ከፍታ ትዘጋለች።

ኢንስፔክተሯ የሰኞን ገጾችና ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ወንድምሽ እንዴት እንደሚሠራ አሳይኝ።»

«እንዴት ማለት?»

«እንደሱ ሆነሽ አንብቢ። እኔ ጆሮ ልሁን።»

እህትየው ረቂቁን ወደ ራሷ ሳበች። ልጅ ሳለች፣ ወንድሟ ይህን ሥራ ሲለማመድ ማታ ማታ ጆሮው እሷ ነበረች። ጀመረች። ነጥብ። ሰረዝ። ቅንፍ ክፈት። ቅንፍ ዝጋ። በጣቷ አንጓ ጠረጴዛውን መታች። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ውሃ ጠጥታ ቀጠለች። ከዚያው ከፔርሙዙ።

ኢንስፔክተሯ በእርሳስ ጫፍ ተከተለች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ንጹሕ ነበሩ። ፊደል ለቃሚዎቹ የዘለሉት ቃል ሁሉ በጠርዙ ላይ በጆሮ እጅ ተመልሶ ገብቷል። የተሰበረ ፊደል ተከቧል። አንዱም አላለፈም።

ሌጅብል የሚለው ቃል ያለበት ገጽ ደረሱ። አለፉት።

በሚቀጥለው ገጽ ላይ የኢንስፔክተሯ እርሳስ ቆመ።

«ቆይ። ምን አልሽ?»

«ሌንድ። ማበደር።»

«እዚህ የለም። ከሌመን ወደ ሌንስ ነው የሚሄደው።»

«ተዘልሏላ። ምልክት የለውም?»

«የለውም።»

ቀጠሉ። ሌላ የተዘለለ። ቀጥሎ ሌላ። ፊደልም ደብዳቤም ማለት የሆነው ሌተር የሚለው ቃል ከነፍቺው ጠፍቷል። አንዱም አልታረመም። የሚያስገርመው ሌላው ነው። በእነዚያው ገጾች ላይ የተገለበጠ ፊደል፣ የተሰበረ ፊደል፣ ቀለም የጎደለው ፊደል አንድ ሳይቀር ተከቧል። ከግርጌም ሁለቱም ጭረቶች አሉ።

እህትየው ረቂቁን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«እነዚህን ገጾች ወንድሜ አላነበባቸውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይዩት እንጂ። የተጻፈው ተስተካክሏል፤ ያልተጻፈው ቀርቷል። ዓይን ብቻውን ሲሠራ ያለውን ነው የሚያየው። የጎደለውን የሚያሳውቀው የሚያነበው ሰው ነው። እሱ ቢኖር ሌንድ ሲል ጆሮ አጥቶት ይደነግጥ ነበር፣ አሁን እርስዎ እንደደነገጡት።» አፏን በእጇ ያዘች። «ብቻውን ነው የሠራው፤ የወንድሜንም ጭረት ራሱ ነው ያኖረው። ወንድሜ የት ሆኖ ነው ብቻውን የሠራው?»

ኢንስፔክተሯ እርሳሱን አስቀመጠች። የብርቱካኑ ሽታ ከመሐረቧ ይመጣ ነበር።

*

ጆሮን ወደ እርማት ክፍሉ አስጠራችው። ወለሉ ታጥቧል፤ እርጥብ ነው። በራሱ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ አደረገችው። ፊት ለፊቱ፣ በአፍ ወንበር ላይ፣ እህትየው ተቀመጠች።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጆሮ። «በሐዘን ላይ ያለች ሴት...»

«ይስሙ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሥራዎ አይደል?»

እህትየው ጠረጴዛውን በአንጓዋ መታች። ማንበብ ጀመረች። ጆሮ እጁ ለምዶበት እርሳሱን አነሣ። ተከተለ። ሌመን ላይ ደረሰች፣ አለፈች፣ «ሌንድ» አለች።

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አለ።

እንደገና መታች። «ሌንድ። ማበደር። ነጥብ።»

ጆሮ ቀና አላለም። የጥፍሮቹ ጫፍ ነጭ ሆነ።

«ትናንት ይሄን ሲያነብልዎ ምን እያደረጉ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አምልጦኝ ይሆናል። ሰው ነኝ። ደክሞኝ ነበር።»

«ከዚያ ገጽ በፊት አንድም አላመለጠዎትም። ከዚያ ገጽ በኋላ አንድም አልያዙም። የደከመ ሰው እንዲህ በመስመር አይደክምም። ብርቱካኑንስ የት በሉት?»

«ምን ብርቱካን?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ምግብ እንዳይበላ የሚከለክል አንድ ሰው ነበር። ትናንት መከልከል አልቻለም።»

ጆሮ መሐረቡን ፈለገ። ኪሱ ውስጥ አጣው።

«ማስተካከያዎቹ የማን ናቸው?» አለች። «ለመምህሩ የሰጧቸው።»

እህትየው ናት የተናገረችው። «የወንድሜ ናቸው። እራት እየበላን ያወራልኝ ነበር፤ ዛሬ ይቺን አሰብኩ፣ ለጆሮ ነገርኩት፣ እሱ ይጽፋታል ይለኝ ነበር። ለመጽሐፉ ብሎ እኮ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ጋሼ! ሀያ ዓመት አፉን እያዩ ኖሩ፣ አላፈሩም?»

«ሁሉንም ሰጥተዋቸዋል» አለች ኢንስፔክተሯ። «የሌጅብልና የሪደብልን ብቻ አስቀሩ። ለምን?»

ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። በፊቱ ላይ የነበረው ጸጸት አልነበረም። ንቀት ነበር።

«ምን ልዩነት አላቸው? ለማይረባ ነገር መምህሩን ማስቸገር መሰለኝ። እሱ ግን አልተወውም። ራሴ ካልነገርኩ አለ።» ድምፁ ሻከረ። «መምህሩ አሞግሰውኝ ሲወጡ እሱ በሩን ዘጋና ስንቶቹን ሰጠኻቸው አለኝ። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ስሜ ታትሞ ሊወጣ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ሳርም ኖሬ፣ አንዴ የራሴ ሊወጣ! ገፋሁት። ገፋሁት ብቻ። ብረቱ ላይ ወደቀ።»

«ከዚያ ተቀመጡ።»

«የዕለቱ ገጽ ካልደረሳት ሥራ አስኪያጇ ትጠይቃለች።»

«እሱ እየተነፈሰ።»

«ሰሙት?» አለች እህትየው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሲተነፍስ ይሰማዎት ነበር?»

ጆሮ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ንጹሕ እጆቹን። ስለ ሥራ የሚያስረዳ ሰው ይመስል ነበር።

«ድምፁ ከበደኝ። እያንኮራፋ አላሠራ አለኝ። ስለዚህ ጆንያውን ደፋሁበት።»

ዘበኛው በር ላይ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሽማግሌውን «እርስዎ» ስትል ነበር።

«ተነሥ አንተ» አለችው። «ወንበሩን ልቀቅ።»

*

ጆሮ ተፈረደበት። በሐኪሙ ወረቀት ላይ «በሰው እጅ በደረሰበት ጉዳት» ተብሎ ተጻፈ፤ እህትየው ወረቀቱን በማተሚያ ቤቱ በር ላይ፣ ሁሉም በሚገባበትና በሚወጣበት፣ በሙጫ ለጠፈችው። ሥራ አስኪያጇ ልትልጠው ሞከረች። የመጽሐፍ ሙጫ ነው፤ አልለቀቀም።

የሰኞዎቹን ገጾች እንደገና የሚያነብ ሰው አልተመደበም። ሁለት ጭረት ስላላቸው «ተነቧል» ተባሉ። መምህሩ የሁለቱን ቃላት ፍቺ እንዲለዩ ተጠይቀው ነበር። ፊደሉ ከተለቀመ በኋላ መንካት ሥራ ያዘገያል አሉ።

መዝገበ ቃላቱ በዓመቱ ወጣ። የጠረዘችው እህትየው ናት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመምህሩ ስም ብቻ አለ። ሌጅብልም ሪደብልም «የሚነበብ» ተብለው ተፈትተዋል። ሌተር የሚለው ቃል የለበትም።